በር ተዘግቶ የተሠራ ቡሉኮ

ይድረስ ለእናቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ላይ ብርዱ አልጠናም? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? የዶርዜ ጉም ሐምሌን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተኝቶ እንደሚከርም ስለማውቅ ሳስብሽ ቀድሞ የሚታየኝ ደረትሽ ላይ የምታጣፊው ጋቢ ነው። የቀርከሃው ቤታችንስ? ምስጡ ከታች እየበላው ዘንድሮ ስንት ጣት ዝቅ አለ? አምና ለመስቀል ስገባ የበሩ ጉበን ግንባሬን ገጭቶኝ ነበር፤ ዘንድሮ ተንበርክኬ መግባቴ ነው መሰለኝ። እንሰቱስ፣ ላሚቱስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ፣ ሶፍያና ልጆቹ በሕይወት አለን፤ ለዚህም አንቺ የምትለምኚው አምላክ ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

አዲሳለም እህቴ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ ነሽና አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዚህ በፊት ደብዳቤ በላክሁ ቁጥር የመንደሩን ሰው ሰብስበሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ ድምፅሽ የዲያቆን ነው፣ ሰውም ሲሰማሽ ደስ ይልሻል። ዛሬ ግን መጀመሪያ በሩን ዝጊ። ተስፋሁንም ምንም ባልሽ ቢሆን ለጊዜው ውጭ ይቆይ፣ እንጨት ይፍለጥ። ከእማዬ ጎን ተቀመጪና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለሽ አንብቢላት። አንቺም ብትሆኚ ሳትጮኺ ስሚ።

ለምን አልደወለም ትሉ ይሆናል። እማዬ፣ ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ስለሚከፈት እኔ እዚህ ባስነጥስ እዚያ መንደሩ በሙሉ "ይማርህ" ይለኛል። የዛሬው ነገር ደግሞ ለመንደር አይወጣም። በጋራ ሸማ ቤታችን አብሮኝ የሚሸምነው ሐብታሙ ለመስቀል ከሁላችንም ቀድሞ ስለሚወርድ አሽጌ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

በሰኔ መጨረሻ ስትደውይልኝ "እጄን ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው" ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ከአዲሱ ገበያ ስመለስ ጭቃ አንሸራቶኝ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁና አንጓዬ ተሰበረ። ጳውሎስ ሆስፒታል ወስደውኝ ጄሶ ተደረገልኝ። ሐኪሙ "ስድስት ሳምንት በዚህ እጅ ምንም እንዳትነካ" ሲለኝ የሞት ፍርድ የተነበበልኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ከአስራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ቀርቶ ስድስት ቀን እንኳ ሳልሠራ የቀረሁበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ለመስቀል ወደ አንቺ ከመምጣት በቀር።

ቤት መዋል ሲጀምሩ የማያዩት የለም። ማቲ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ጳውሎስ አካባቢ ኬክ ቤት መግባቱን ነግሬሽ ነበር፤ እኔ ግን ሲላላክ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ኬክ ጋጋሪው እሱ ነው! ሶፍያ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ይዛ ስትውል እሱ ማታ ማታ መሐረብ አስሮ ሽንኩርት ይከትፋል። የአባዬ የአንጁሎ የልጅ ልጅ፣ አምስት ትውልድ የሸመነ ቤት ወንድ ልጅ፣ ወጥ ሠሪ ሆነ። አፌን ይዤ ቀረሁ። የባሰው ደግሞ፣ እጄ ታስሮ ስለነበር እሱ የሠራውን ሽሮ እሱው አጎረሰኝ፤ መጣፈጡ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ዘንድሮ ጉዱ መስከረምን አልጠበቀም፣ በነሐሴ መጣ።

ወይዘሮ ሾዴን አንድ ጊዜ በስልክ አገናኝቼሻለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬን የምትወስድልኝ ሴት ናት። ከመሰበሬ በፊት ለአንድ ቤተሰብ የአዲስ ዓመት ስድስት ቀሚስ፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነ፣ አዝዛኝ ነበር። እኔ "ለሌላ ሰው ይሰጥ፣ ፈትሉን መልሺላት" አልኳት ለሶፍያ። "እሺ" አለችኝ። የሶፍያ እሺ ሁልጊዜ እሺ እንዳልሆነ በሃያ አምስት ዓመት ትዳር አለመማሬ የራሴ ጥፋት ነው።

ጄሶው ሲፈታ ጣቶቼ የደረቀ እንጨት ሆነው ማንኪያ እንኳ በወጉ አልይዝ አሉ። ፍልሰታ ስትገባ እንጦጦ ወጥቼ ሱባኤ ያዝኩ፤ ጸበሉን እየተጠመቅሁ እስከ ነሐሴ አስራ ስድስት ልቆይ ነበር ሐሳቤ። ዝናቡ ግን የተኛንበትን ሸራ አሾለከው። ነሐሴ አስራ ሁለት፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ "እግዚአብሔር ቤትም አለ" ብዬ ቁልቁል ወረድኩ።

ግቢያችን በር ላይ ስደርስ የሸማ ዕቃ ድምፅ ሰማሁ። እማዬ፣ ሸማኔ የሸማኔን አመታት እንደ ሰው ሳል ይለያል። ከሸማ ቤታችን የአጥናፉን ከሩቅ አውቀዋለሁ፣ ቸኩሎ ነው የሚመታው። የሐብታሙ ይንቀራፈፋል። ይህ ግን የማናቸውም አልነበረም። ሁለት ጊዜ ቀስ፣ አንድ ጊዜ ጠንከር፤ ሁለት ጊዜ ቀስ፣ አንድ ጊዜ ጠንከር። ልጅ ሆኜ ከተዘጋው በራችን ውጭ ጭቃ ሳቦካ የምሰማው ድምፅ። የአባዬ አመታት። አባዬ ከሞተ አስራ ሰባት ዓመቱ! ክው ብዬ ቀረሁ። ጸበሉ ላይ ያየኋቸው መናፍስት ተከትለውኝ መጥተው ይሆን እንዴ ብዬ አማተብኩ።

በሩን ስከፍት ሚስጥር ናት። የኔ ልጅ፣ ስሜን ታስጠራለች ያልሻት ሚስጥር። አልጋዬን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወለሉን ቆፍረዋል፤ አሮጌውን የሸማ ዕቃዬን ተክለዋል፤ እሷ ሱሪ ለብሳ እግሯን ጉድጓድ ውስጥ ከትታ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ታሳልፋለች። ፈትሉና ጫፍ መቋጨቱ የሴት፣ ሽመናው የወንድ፤ እኛ ቤት ይህ መቼ ተነግሮ ያውቃል? ሳይነገር ነው የምናውቀው። ልጅ ሆነን አዲሳለም ኳሷን ልታነሳ የሸማውን ጉድጓድ በመሻገሯ ብቻ አጎታችን "ጎሜ ነው፣ ነውር ተጥሷል፣ ቤት ላይ መዓት ይመጣል" ብሎ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። አሁን የኔ ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጣለች።

እማዬ፣ ያደረግሁትን ስነግርሽ አፍሬ ነው። ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ምላጭ ነበር። ማንኪያ መያዝ ያቃታቸው ጣቶቼ ለዚህ ግን በረቱ። ድሩን ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። ሸማኔ ሆኜ የተወጠረ ድር ቆረጥኩ! ክሩ ሁሉ ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ ተሸመቀቀ፤ የአራተኛው ቀሚስ ጥለት ግማሹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሶፍያ እንጀራ እንደያዘች በር ላይ ቆመች። ሚስጥር አላለቀሰችም፣ ከጉድጓዱም አልወጣችም። ቀና ብላ አየችኝና "አባዬ፣ እሺ እኔ አጠፋሁ፤ ድሩ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

ወጥቼ ሄድኩ። እስከ ጳውሎስ ወርጄ እንደገና ሽቅብ ወጣሁ፤ የት እንደሄድኩ ቢጠይቁኝ አላውቀውም።

በማግስቱ ቡሄ ነበር፤ ልጆች በየበሩ እየጨፈሩ ሙልሙል ይሰበስባሉ፣ የኛ ቤት ግን የለቅሶ ቤት መሰለ። ማቲ ከኬክ ቤቱ ዳቦ ይዞ መጥቶ ፊቴ አስቀመጠና ሳያናግረኝ ወጣ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ቀን ሚስጥር ተመልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። የተቆረጠውን ክር አንድ በአንድ መቀጠል ጀመረች። ስምንት መቶ ምናምን ክር! እኔ ብሆን ጠቅልዬ እጥለውና አዲስ ድር እወጥር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ወገቧን ሳታቀና ቋጠረች። እኔ አልጋው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ፣ ደግሞ ዞር ብዬ በዓይኔ ጥግ አያለሁ።

በሁለተኛው ቀን ቋጠሮዋን አየሁ። እማዬ፣ እኛ ወንዶቹ ክር ሲበጠስ በምራቅ አርሰን አጠማዘን ነው የምንቀጥለው። እሷ ግን በግራ እጇ ሁለት ጊዜ ታዞርና ጫፉን ወደ ግራ ትስበዋለች፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ ትቀራለች፣ በጣት ካልሆነ በዓይን አትታይም። ያችን ቋጠሮ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው የማውቃት። በአስራ ሦስት ዓመቴ ከቤት ስወጣ የሰጠሽኝ ቡሉኮ ላይ።

ቡሉኮውን ከሣጥን አወጣሁት። አዲስ አበባ በገባሁበት ዓመት፣ በየሰው ቤት መሬት ላይ ተኝቼ ብርዱ ሲነሳብኝ እነዚያን ቋጠሮዎች በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። የአባቴ ቋጠሮ እላቸው ነበር። ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ ሁሉ "ይህ የአባቴ እጅ ነው፣ ዛሬ እንዲህ የሚሠራ የለም" እያልኩ ሳሳይ ኖሬአለሁ። እኔም ልቋጥረው ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። አንድ መስቀል አባዬን "እንዴት ነው የምትቋጥረው?" ብዬ ብጠይቀው ፈገግ ብሎ "እጅህ ሲበስል ይመጣልሃል" አለኝ። ሠላሳ ዓመት እጄ እስኪበስል ጠበቅሁ፣ እማዬ!

ቡሉኮውን ይዤ ሚስጥር ፊት ቆምኩ። "ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኳት። ዓይኗን ወደ ድሩ መለሰች። ደግሜ ጠየቅኋት። "ላልናገር ምዬአለሁ" አለችኝ። ቡሉኮውን ጭኗ ላይ አኖርኩት፤ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ቋጠሮውን አገኘችው፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በኮሮናው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንቺ ዘንድ ስድስት ወር በቆየችበት ጊዜ አዲሳለም ገበያ ስትወጣ በሩን ዘግተሽ የአባዬን የሸማ ዕቃ እንደገለጥሽላት ነገረችኝ። የአባዬን ዓይን ሞራ ከጋረደው በኋላ ኑሯችን እስኪያገግም ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጥሽው አንቺ እንደሆንሽ ነገረችኝ። ቡሉኮውም ያንቺ እጅ እንደሆነ ነገረችኝ።

አዲሳለም፣ አነበብሽ? አልጮህሽም አይደል? እኔ ጮኼ ነበር።

እማዬ፣ ሁሉ ነገር እርስ በርሱ ገጠመልኝ። ለምን እኔን "በአባት እጅ ልጅ አይበስልም" ብላችሁ ጠዋት ጠዋት ወደ አጎቴ ቤት ለሙያ እንደምትልኩኝ፤ ለምን በራችን በጠራራ ፀሐይ እንደሚዘጋ፤ "አባታችሁ ሲሠራ ብርሃን አይወድም" ስትይን ለምን እንደነበር። ሰው ሲጣራ አባዬ ወዲያው ብቅ የሚለው ለካ በሩ ሥር ስለተቀመጠ ነው። ይጠብቅሽ ነበር። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ ይጠብቃል። ገበያ ላይ ሸማውን ይዞ ሲቆም ሰው "አንጁሎ፣ እጅህ ይባረክ" ይለዋል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። እኔ ትሕትና ነበር የሚመስለኝ።

ተቆጥቼሻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አርባ ዓመት ሲሞላኝ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለልጄ ነግረሽ ለኔ መደበቅሽ አንጀቴን በልቶታል። ከዚያ ደግሞ ምላጩን ይዤ ድር የቆረጥኩት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ለኔ ባትነግሪኝ አይፈረድብሽም እላለሁ።

ከዚህ የባሰ አለ፤ ይህንም አልደብቅሽም። ሚስጥር ስድስቱን ቀሚስ ጨረሰች። ወይዘሮ ሾዴ ለመውሰድ መጣች። እንደ ልማዷ ሸማውን ገልብጣ በጀርባው አየችው፣ ጥለቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ቀና ብላ "በድሉ፣ ጸበሉ ሠርቶልሃል! ከመሰበርህ በፊት እንኳ እንዲህ አልሠራህልኝም" አለችኝ። ሚስጥር ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ሶፍያ ታየኛለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ልክ እንደ አባዬ። ሾዴ ከወጣች በኋላ የማንንም ዓይን ማየት አቃተኝ። አባዬ ዝም ያለው አንቺን ሊሸፍን ነው። የኔ ዝምታ ማንን እንደሸፈነ አንቺው ፍረጂ።

ነገሩ ግን ታፍኖ አልቀረም። አጥናፉ፣ አብረን በምንሸምንበት ሸማ ቤት ታላቃችን የሆነው፣ "እንኳን እግዜር ማረህ" ሊለኝ መጥቶ ሚስጥርን ጉድጓዱ ውስጥ አገኛት። የያዘውን ብርቱካን በር ላይ ጥሎ ተመለሰ። በሳምንቱ ሸማ ቤት ተጠራሁ። አጥናፉ ጎሜ ነው አለ፤ የሐብታሙ መወርወሪያ ለሁለት የተሰነጠቀውም፣ ጣሪያው ያፈሰሰውም በዚህ ምክንያት ሆነ። ጣሪያው ሦስት ዓመት ያፈሰሰ ጣሪያ ነው፤ ዘንድሮ ግን የሚስጥር ጥፋት ተደረገ።

እኔ የምፈልገውን ነገርኳቸው። ሐኪሙ ይህ እጅ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይመታም ብሎኛል። ያለንበት ቤት ኪራይ ስለሆነ ጉድጓዱን ድፈኑ ተብለናል። ሸማ ቤት ያለው ቦታዬ ላይ እኔ ከጎኗ ሆኜ ሚስጥር ትቀመጥበት አልኳቸው። ከአስሩ ቦታ አራቱ ባዶ ነው፤ ልጆቻችን ሁሉ ሸሽተውታል፤ ከውጭ የሚገባው የፋብሪካ ጨርቅ ጥለታችንን አትሞ ሽሮ ሜዳን ሞልቶታል። የምትሠራ እጅ ተገኝታ እንዴት ትባረራለች? አልኩ። ከአንድ ወር በፊት በዚህ አፌ ብትሰሚኝ ኖሮ ልጄ አብዷል ትዪ ነበር።

አጥናፉ ክፉ ሰው አይደለም፣ እማዬ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት፣ አንዱም መወርወሪያ ነክቶለት አያውቅም። "የኔ ልጆች ጥለውት የሄዱትን ሴት ልጅ ካነሳችው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነበር ልበል?" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀጥሎ ግን "ከአባት ከቅድመ አያት ያልታየ ነገር ነው፤ አባትህ አንጁሎ ቢሰማ ምን ይልህ ነበር?" አለኝ። አባዬማ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር! ይህ ቃል ምላስ ጫፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እስከ መስከረም አራት፣ እሑድ ድረስ ቀን ሰጡኝ። ወይ ሚስጥር ሁለተኛ የሸማ ዕቃ ላትነካ በፊታቸው ቃል እገባለሁ፣ ወይ ዕቃዬን ነቅዬ ከሸማ ቤቱ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ለመስቀል ወደ አገር ይወርዳል፤ ወሬውም አብሮ ይወርዳል።

እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው አፋቸውን የሚዘጋው። ቡሉኮውን ይዤ ገብቼ መሐላቸው እዘረጋዋለሁ። ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም አድንቀውታል፣ አጥናፉ ራሱ ጥለቱን ሊቀዳ አንድ ጊዜ ተውሶኝ ነበር። "ይህ የአባቴ አይደለም፣ የእናቴ እጅ ነው" እላለሁ። ያን ጊዜ ከቅድመ አያት ያልታየ የሚል ማንም አይኖርም።

ሚስጥር ግን እግሬ ላይ ወደቀች። "የአያቴን ስም አታንሳ፣ እኔ እተወዋለሁ" አለችኝ። ምን እንዳልሻት ነገረችኝ፤ "ሰው ከሰማ የልጄን ሞት በኔ ያደርጉታል" ብለሻታል። ትንሹ ወንድማችን የሞተው አንቺ ጉድጓዱ ውስጥ በገባሽ በሁለተኛው ዓመት እንደሆነ እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። አንቺ ግን ስታስቢው ኖረሻል። አምስት ዓመት በዝግ በር ስትሠሪ፣ ከዚያም ይህን ሁሉ ዘመን፣ ብቻሽን ስታስቢው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። እማዬ፣ ስሚኝ፦ እሱን የወሰደው ኩፍኝ ነው። በዚያው ዓመት የጎረቤቶቻችንንም ልጆች ወስዷል፤ የእነሱ እናቶች ከፈትል በቀር ምንም ነክተው አያውቁም ነበር። አዲሳለም፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢላት።

እንግዲህ ያንቺን ቃል ነው የምጠብቀው። ላስገድድሽ አይደለም። ሰው በመንገድ ሲያይሽ ምን እንደሚል፣ እድር ላይ ከጎንሽ ማን እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ እዚያ የምትኖሪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። እንቢ ካልሽ ምስጢርሽ ከኔ ጋር ይቀበራል፤ ዕቃዬን ነቅዬ እወጣለሁ፣ አንድም ቀን ፊቴ አይጠቁርብሽም። የልጄን ሥራ ግን ሁለተኛ በኔ ስም አልሸጥም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ወይዘሮ ሾዴ ሱቅ ሄጄ ቀሚሶቹን ማን እንደሠራቸው ነግሬያታለሁ። ደንግጣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ "ታዲያ እሷን ላክልኛ፣ አንተን ምን ላድርግህ!" አለችኝ። ሳቅሁ እማዬ፤ ከሰኔ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

አዲሳለምን ሳምኩሽ በዪልኝ። ለተስፋሁን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እንጨት ማስፈለጤን ይቅር ይበለኝ። ለልጆቻቸው ማቲ ኬክ ይዞ ይመጣል፤ በመኪና ተፈጭቶ ካልደረሰ መቼም ይጣፍጣቸዋል። ሶፍያ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ልጆቻችንን ያሳደገችበት ጀርባዋ ዘንድሮ ትንሽ ደክሟል፣ ጸልዪላት። ሚስጥር ይህን መጻፌን አታውቅም፤ ግን በየቀኑ ስምሽን ትጠራለች። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ለላሚቱም ሳይቀር፣ ሰላም በዪልኝ። ጥግ ላይ ተሸፍኖ የቆመውንም የሸማ ዕቃ አንድ ጊዜ ግለጪውና በእጅሽ ንኪልኝ።

መልስሽን አዲሳለም ደውላ ትንገረኝ፤ ሰው ቢሰማም ምንም አይደል። እንቢ ካልሽ "በሩ ተዘግቷል" ትበለኝ፣ ይገባኛል። እሺ ካልሽ ደግሞ፣ እማዬ፣ አዲሳለም ይህን ደብዳቤ እንደጨረሰች ተነሽና በሩን ራስሽ ክፈቺው፤ ተስፋሁንም ይግባ፣ ጎረቤቱም ይምጣ፣ እሷም በዚያ በዲያቆን ድምፅዋ ከመጀመሪያው ጀምራ ታንብበው።

ልጅሽ በድሉ አንጁሎ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.